ከመኪና ሥር መጋደም አያሳፍርም

ባለፈው ወር የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር በየቤቱ ደብዳቤ ላከ። ሁለት ገጽ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው፦ ከእንግዲህ ማንም ሰው በራፉ ላይ መኪና መጠገን፣ ዘይት መቀየር፣ ዕቃ መፍታትም ሆነ መግጠም አይችልም። ጎማ ድንገት ሲተነፍስ መቀየር ብቻ ተፈቅዷል። ደንቡን የጣሰ 50 ዶላር ይቀጣል።

ስለዚህ ደንብ በተጠራው ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የማኅበሩ ቦርድ ሦስት ምክንያት አቀረበ፦ ደህንነት፣ የቤት ዋጋና የሰፈሩ ገጽታ። እመለስበታለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቦርዱ ንግግር አይደለም፤ የኛው ሰው ንግግር ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ የሰፈሩ ሐበሾች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ጥሩ አደረጉ። አሜሪካ ድረስ መጥተን ከመኪና ሥር ስንጋደም ፈረንጆቹ ምን ይሉናል? ያሳፍራል። የማሠሪያ ገንዘብ የሌለው ሚኒቫን አይያዝ።» አሥራ አንድ ሰው ላይክ አደረገለት።

ያሳፍራል?

ሌብነት ያሳፍራል። የሰው ገንዘብ መብላት ያሳፍራል። አባት ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ፣ ቱታውን ለብሶ፣ ልጆቹ የሚሳፈሩበትን መኪና ፍሬን ሲያይ የሚያፍር ሰው ማፈሪያውን አላወቀም።

ይህ ሐፍረት ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አገር ቤት ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። የምናርስበትን ማረሻ ከሠራልን ሰው ጋር አንድ ማዕድ አንቀርብም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናዋን ተቀበልን። አዋጁን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተቀበልነውም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ውቅያኖስ ተሻግረን፣ ቨርጂኒያ ላይ ቤት ገዝተን፣ አሁንም ግሪስ የነካው እጅ እንጸየፋለን።

ደግሞስ ፈረንጆቹ ምን ይላሉ? ልንገርህ ወንድሜ። ከሰፈራችን አምስት ደቂቃ ነድተህ ኦቶዞን የሚባል የመኪና ዕቃ መሸጫ አለ። አለፍ ብሎ ኦራይሊ አለ። እነዚህ ሱቆች በየከተማው የተከፈቱት ለማን ይመስልሃል? ቅዳሜ ጠዋት ግባና ሰልፉን እይ። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ ይዞ የቆመው የቤት አባወራ ነው። የሌለህን የመፍቻ ዕቃ ያውሱሃል። ማስያዣ ትከፍላለህ፤ ዕቃውን ስትመልስ ገንዘብህን ሙሉውን ይመልሱልሃል። ፈረንጅ ራሱ ካልሠራ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? እኔን የዘይት ፊልትሮ እንዴት እንደሚፈታ ያሳየኝ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜው ሰባን አልፏል። በረዶ ላይ ካርቶን አንጥፎ ሲጋደም በዓይኔ አይቻለሁ። ስብሰባው ላይ ከሁላችን በላይ የጮኸውም እሱ ነው። እኛ የምናፍርለት ፈረንጅ እሱ ራሱ አላፈረም።

አሁን ወደ ደህንነቱ ልምጣ። የቦርዱ ሰብሳቢ «ፍሬንን የሚያህል ነገር መንካት ያለበት ባለሙያ ብቻ ነው» አሉ። ጭብጨባም አገኙ። እኔ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ምን እንደሚመስል በራሴ መኪና ላይ ያየሁትን ልናገር።

የኔ ሚኒቫን የ2011 ሞዴል ቶዮታ ሲየና ናት። 187 ሺህ ማይል ሄዳለች። አራት ልጆቼ ያደጉባት መኪና ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለፊት ፍሬን ብቻ 640 ዶላር ከፍዬ አንድ ጋራዥ አሠራኋት። ስሙን አልጠራም። ንጹሕ መጠበቂያ ክፍል አለው፣ ቡና አለው፣ ቴሌቪዥን አለው። ስምንት ወር ሳይሞላ በግራ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ቤት ወሰድኳት። ክሪክ አስገብቼ አነሳኋት፣ እንዳትወድቅ ካቫሌቶ ደገፍኩ፣ ጎማውን አወለቅሁ።

የውጪው ሸራ አዲስ ይመስላል። የውስጠኛው አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ዲስኩ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቦርቡሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን ሸራ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ብረት፣ ካሊፐሩ፣ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። ፍሬን ስትረግጥ በውስጡ ያለው ፒስተን መጀመሪያ የውስጠኛውን ሸራ ይገፋል። ከዚያ ካሊፐሩ ተንሸራትቶ የውጪውን ይስባል። ፒኑ ዝጎ ከተያዘ ካሊፐሩ አይንሸራተትም። ሥራው ሁሉ በውስጠኛው ሸራ ላይ ይወድቃል። እዚህ አገር ክረምት በረዶ እንዲቀልጥ መንገዱ ጨው ይረጭበታል። ጨው ደግሞ ለፒን ጠላት ነው። መድኃኒቱ ፒኑን አውጥቶ መጥረግና ግሪስ መቀባት ነው። ለአንድ ጎማ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። የግሪሱ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

የኔን ፒን በፒንሳ ይዤ እያዞርኩ ሳወጣው እንደ ካሮት ቀይ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ቅርፊት እየረገፈለት ወጣ። ባትሪ የምታበራልኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ናት። «አባዬ፣ ይኼ እኮ ግሪስ ነክቶት አያውቅም» አለችኝ። ሕፃን ልጅ ያየችውን 640 ዶላር የተከፈለው ሰው አላየውም። ወይም አይቶ አለፈው።

ለምን አለፈው? ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እዚህ አገር ብዙ መካኒክ የሚከፈለው ፍላት ሬት በሚሉት አሠራር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰዓት ተቆርጦለታል። ሁለት ሰዓት የተቆረጠለትን በአንድ ሰዓት ከጨረሰ ትርፉ የሱ ነው። ሦስት ሰዓት ከፈጀበት ኪሳራውም የሱ ነው። ስለዚህ ይቸኩላል። ፒን መጥረግ ለሱ የሚያከስር ሥራ ነው። እኔን ግን ማንም አያስቸኩለኝም። ቅዳሜ የኔ ነው። እስከ ማታ ብቆይበትም የምከስረው ነገር የለም። መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆቼ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል? የትኛው ባለሙያ ነው ከእናት ከአባት በላይ ለልጆቼ ፍሬን የሚጨነቀው? ሰብሳቢዋ ይህን ይመልሱልኝ። በዚያ ቅዳሜ ዲስክና ሸራ ቀይሬ፣ አራቱንም ፒን ጠርጌ፣ 140 ዶላር ወጣብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሁለቱም ሸራ እኩል ነው የሚበላው። በየስድስት ወሩ ጎማ ሳቀያይር እያየሁ ነው የምናገረው።

«ባለሙያ» የሚለውም ቃል ይጣራ። ኤ ኤስ ኢ የሚባለው የመካኒኮች የምስክር ወረቀት የሚወሰደው በፈቃደኝነት ነው። ጋራዥ ውስጥ የገባ ሁሉ አለው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ቨርጂኒያ መኪናችንን በየዓመቱ ታስመረምረናለች።  መርማሪው ጎማ አውልቆ ፍሬኑን ያያል። ማን ገጠመው ብሎ አይጠይቅም። ሥራው ደህና ከሆነ ስቲከሩን ለጥፎ ይሸኝሃል። ስቴቱ ያልጠየቀኝን የሰፈር ቦርድ በምን ሥልጣኑ ይጠይቀኛል?

አንዲት እህታችን ደግሞ ቤት ውስጥ ከሠራህ የፋብሪካው ዋስትና ይሰረዛል አለች። ይህ ስንት ሰው ያስከፈለ የቆየ ማስፈራሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን-ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። አምራቹ እኔ ዘንድ ካልተሠራ ዋስትናህ ይሰረዛል ብሎ ሊያስገድድህ አይችልም። የገዛኸውን ዘይትና ፊልትሮ ደረሰኝ ያዝ፣ ቀኑንና ማይሉን ጻፍ፣ በቃ። የማሳቹሴትስ ስቴት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2020 ድምፅ ሲሰጥ 75 በመቶ ገደማው የመኪናውን መረጃ ባለቤቱና የመረጠው ጠጋኝ ያግኙት ብሎ ወስኗል። አገሩ የመጠገን መብት ለማስፋት ይታገላል። እኛ በገዛ በራፋችን ያለንን አሳልፈን እንሰጣለን።

የቤት ዋጋ ይወርዳል ለተባለው መልስ ማባከን አልፈልግም። አንድ ቁጥር አላሳዩንም። አንድም።

ዘይቱን በተመለከተ ግን ልክ ናቸው። የተቃጠለ ዘይት መንገድ ዳር ያለው ፍሳሽ ውስጥ የሚደፋ ሰው ይቀጣ። 50 ዶላር ያንሰዋል። ያ ፍሳሽ ቀጥታ ወደ ፖቶማክ ነው የሚሄደው፤ የምንጠጣው ውኃ ከዚያው ወንዝ የሚቀዳ ነው። ነገር ግን ዘይቱን የሸጡልህ ሱቆች የተቃጠለውን ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። እኔ አሮጌው ዕቃ ውስጥ መልሼ፣ ክዳኑን አጥብቄ እወስደዋለሁ። ደፊውን ቅጡ። ሠሪውን ለምን?

ደንቡ ጥገናን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። «ማናቸውንም ማሻሻያ» ይላል። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ከደሴ የመጣች ጊዜ ጉልበቷ ታሞ ነበር። የሲየናዋ የጎን በር ሰፊ ነው፣ ግን ለእሷ ከፍ አለባት። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ የምትይዘው ታጣለች፣ መልሳ ታወርዳለች። ቤተክርስቲያን መሄድ ፈልጋ «ተዉኝ ልጆቼ፣ እዚሁ እጸልያለሁ» ማለት ጀመረች። ከባለቤቴ ወንድም ጋር አንድ ቅዳሜ ተቀመጥን። ወፍራም ጣውላ ቆርጠን፣ እንዳያንሸራትት ጎማ ለብጠንበት፣ በሩ ሲከፈት ከሥር ስቦ የሚወጣ ደረጃ ሠራን። ከፊት ወንበር ጀርባ ማሰሪያ አሰርንላት፣ እሱን ይዛ እንድትወጣ። በሚቀጥለው እሑድ እማዬ ማንም ሳይደግፋት ገባች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለችና ምርቃቷን አወረደችው። የትኛው ጋራዥ ነው ይህን የሚሠራልኝ? ዋጋውስ ስንት ይባላል?

ሚኒቫን ድሮም ለቤት የተሠራ መኪና ነው። ክራይስለር የሚባለው ኩባንያ በእ.ኤ.አ. 1984 ሞዴል ሲያወጣው ተራ የቤት ጋራዥ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ነው ቁመቱን የለካው። ሰው ወንበር ያወጣበታል፣ አልጋ ይገባበታል፣ ሐምሌ ላይ ለኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር አሥር ሰዓት ሲነዳ ጣሪያው ላይ ሣጥን ይጫንበታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ኑሮው ይቀይረዋል። ቤታችንን ስንቀባ ማን አፈረ? መኪናችንን ስንሠራስ ለምን እንፈር?

«የማሠሪያ ገንዘብ የሌለው ሚኒቫን አይያዝ» ላለው ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ስድስት ነፍስ ይዞ በአንድ ደሞዝ የሚኖር ሰው ሚኒቫን የሚይዘው ለኩራት አይደለም። ልጆቹ ሌላ መኪና ውስጥ ስለማይበቁለት ነው። ቤት ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት የተረፈኝ ገንዘብ የትልቋ ልጄ የጥርስ ብረት ሆኗል። እሷ ስትስቅ እኔ አላፍርም።

ደብዳቤው ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። እኔ አቅርቤያለሁ። አሜሪካዊው ጎረቤቴም አቅርቧል። ከእኛ ሰው እስካሁን የፈረመው ሦስት ብቻ ነው። ላይክ ያደረጉት አሥራ አንድ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ቢያንስ አራቱ ባለፈው ክረምት ባትሪያቸው ሲሞት ደውለውልኝ በራፋቸው ላይ የቀየርኩላቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ያ ሥራ 50 ዶላር ያስቀጣል።

ቀጣዩ ስብሰባ ማክሰኞ ማታ በአንድ ሰዓት ነው። የዛገውን ፒን በላስቲክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ልጄም አብሬ እሄዳለሁ ብላለች። ያየችውን እሷ ትንገራቸው።