ማስተካከያ፦ ክሪስ ሆይ በቤጂንግ ወርቅ ያገኘባቸው ውድድሮች

ስለ ስኮትላንዳዊው የመም ብስክሌት ተወዳዳሪ ክሪስ ሆይ ባወጣነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ካገኛቸው 3 የኦሎምፒክ ወርቆች አንዱ በ1 ኪሎ ሜትር የሰዓት ውድድር ነው ብለን ነበር። ስህተት ነው። በኦሎምፒኩ ይፋዊ የውጤት መዝገብ መሠረት ወርቆቹ የግል ስፕሪንት (የአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር)፣ የቡድን ስፕሪንትና የኪሪን (ከሞተር ብስክሌት ኋላ ተሰልፎ የሚጀመር ውድድር) ናቸው። ኪሎ ሜትሩን ያሸነፈው በ2004 አቴንስ ላይ፣ በ1 ደቂቃ ከ0.711 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከኦሎምፒክ ተሰርዟል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በኪሎ ሜትር ጋላቢው ከቆመበት ተነስቶ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይታገላል። በኪሪን ግን ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ከሚጨምር ሞተር ብስክሌት ኋላ ተሰልፎ ይነዳል፤ ሞተሩ ከመሙ ሲወጣ ቦታ ለመያዝ ይጋፋል፤ ቀድሞ የወጣም ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል። ሆይ ይህን ስልት የያዘው ዋና ውድድሩ ከተሰረዘበት በኋላ ነው፤ ስህተታችን ይህን ትልቅ ሥራውን ሸፍኖት ነበር። የ6 ኦሎምፒክ ወርቆቹ ድምር ግን አይለወጥም።