ዜብራ ላይ ለሚያቆሙት ክቡር ወላጅ የቀረበ ውዳሴ

ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ድረስ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ በዚህች ከተማ የወላጅ ፍቅር ቀንሷል ብሎ ሊያማ አይችልም። ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡት ክቡር ወላጅ ሃምሳ ሜትር ወረድ ብለው ማቆም ሲችሉ፣ በሩ ፊት ለፊት ከተቀባው ዜብራ ላይ ሲደርሱ ነጩን መስመር በአራቱም ጎማ ረግጠው ቀጥ ይላሉ። ፍሬቻቸውን ግራና ቀኝ ያበራሉ፤ ፍሬቻ ከበራ ጥፋት የለም። ከዚያም ወርደው በሩን ይከፍታሉ፣ ምሳ ዕቃውን ያቀብላሉ፣ የዩኒፎርሙን ኮሌታ ያስተካክላሉ፣ ጉንጭ ይስማሉ፣ ስለ ሒሳብ የቤት ሥራው የመጨረሻውን ማሳሰቢያ ይሰጣሉ። ልጃቸው መንገድ መሻገር የሚባለውን አደገኛ ነገር ሳያውቀው ከመኪና ወንበር ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ይሸጋገራል። ይህ ጥንቃቄ ካልተመሰገነ ምን ሊመሰገን ነው?

አበው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብለው የተረቱባት ሴት የእርሳቸው ዘመድ አይደለችም። እርሳቸው የራሳቸውን በወጉ አማስለው፣ ጨው ቀምሰው፣ ከድነው ነው የሚሄዱት፤ የጎረቤት ድስት ቢያር የጎረቤት ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ነገረኞች የትራፊክ ደንቡ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ መቆምን ይከለክላል እያሉ ይከራከራሉ። እነዚህ ሰዎች አማርኛ አልገባቸውም። ዜብራ በቋንቋችን የሜዳ አህያ ናት፤ አህያ ደግሞ የተፈጠረችው ለጭነት ስለሆነ፣ ክቡር ወላጅ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ቢጭኑባት ለባህላችን ታማኝ መሆናቸውን አሳዩ እንጂ ምን አጠፉ? (በነጭ ሣር ፓርክ የምትኖረው ዜብራ እስካሁን መኪና ባይቆምባት፣ አጠገቧ ትምህርት ቤት ስላልተከፈተ ይመስለኛል።)

የክቡር ወላጅ ትልቁ ውለታ ግን ለሌሎች ሰዎች ልጆች የዋሉት ነው። እናታቸው ጉሊት ስለምትውል፣ አባታቸውም ገና ሳይነጋ ለቀን ሥራ ስለወጣ ብቻቸውን የሚሄዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዚያው ዜብራ ይሻገራሉ። ታላቅ እህት የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ ትመጣለች። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ቁመት ከ1 ሜትር ከ20 ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ከቆመችው መኪና ጀርባ ሲደርስ እርሱ የሚመጣውን ሚኒባስ አያይም፣ የሚኒባሱም ሾፌር እርሱን አያይም። መንገዱን ለማየት ከመኪናዋ ጥግ ጭንቅላቱን ማውጣት አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር ሚኒባስ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያቺ አንድ ሰከንድ ታልፋለች፤ ሚኒባሱ ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ተማሪዎች ፊዚክስን የሚማሩት ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ነው፤ ይህ ልጅ ግን በክቡር ወላጅ ቸርነት ፍጥነትን፣ ርቀትንና ጊዜን በነፃ፣ በተግባር፣ ያውም በገዛ አካሉ ይማራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚገድለው የትራፊክ አደጋ ነው ሲል ምናልባት ይህን የትምህርት ዘዴ ገና አልጎበኘው ይሆናል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ፣ «ቁም» የሚል ምልክት የያዘ የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ትራፊክ አለ። ሰደርያው ጉልበቱ ድረስ ይወርዳል። ልጁ ወደ መኪናዋ ጠጋ ብሎ ምልክቱን ሲያሳይ፣ ክቡር ወላጅ በአባትነት ፈገግታ «አንድ ደቂቃ ብቻ ናት ማሙሽ» ይሉታል። እርሱም በቤቱ ታላቅን ማክበር የተማረ ነውና «እሺ ጋሼ» ብሎ ምልክቱን ዝቅ ያደርጋል። ያቺ አንድ ደቂቃ ብርቱ ናት፤ ሠላሳ ወላጆች ሲቀባበሏት ግማሹን ሰዓት ሞልታ፣ ደወሉ ተደውሎ፣ ዜብራው ባዶ የሚሆነው የሚሻገር ልጅ ሲጠፋ ነው።

ክቡር ወላጅ ግዴለሽ እንዳይመስሏችሁ። በየለቅሶው ድንኳን ስለ መንገድ አደጋ ከተነሣ ከእርሳቸው በላይ የሚቆጭ የለም፤ ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው በከንቱ እንዳልሆነ፣ የሚኒባስ ሾፌሮችም መንጃ ፈቃድ ከየት እንዳመጡ እንደማይታወቅ በዝርዝር ያስረዳሉ። የልባቸውን ስፋት ያየሁት ግን ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ ስለ ተማሪዎች ደኅንነት አስተያየት ሲጠይቁ፣ ክቡር ወላጅ እጃቸውን አውጥተው ከተነሡ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ያለው ቦታ ለሁሉም እንደማይበቃና ብዙ ወላጆች ተራ እየጠበቁ ከሥራ እንደሚያረፍዱ ገልጸው፣ ትምህርት ቤቱ ከሚመለከተው አካል ጋር ተነጋግሮ አንድ ተጨማሪ ዜብራ ቢያስቀባልን ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።