ደፋሩ አለቃችን

ሹም ሽር ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ከመዝገብ ቤት ከተነሣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሌላው ሹም ወንበሩን ጨብጦ ሲያድር የእኛ አለቃ ግን ለውጥ ለመምራት ቆርጠው ተነሡ። የበር ሰሌዳ አስቀየሩ!

እንደ ቀላል እንዳታዩት። ያ በር እኔ ስቀጠር «የሠራተኛ አስተዳደር» ይባል ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ቢፒአር መጣና፣ አሠራሩ ከሥሩ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይታሰባል ተብሎ «የሥራ ሂደት» ሆነ። ቀጥሎ «ዳይሬክቶሬት»። አሁን «የብቃትና የሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ አስፈጻሚ»። ብቃት እንደ ተጨመረ ልብ በሉልኝ። ፊርማው ያው ሦስት ነው፤ የማኅተሙ ቁልፍም ያው ለቅሶ የሄዱት ወይዘሮ ቦርሳ ውስጥ ነው። (እግዜር ያጽናቸው፤ በዚህ ወር አራተኛቸው ነው።)

የካይዘን ጊዜማ ልዩ ነበር። ጃፓኖቹ ሠራተኛው ራሱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሻሻለ ዕድሜ ልኩን እንዲሄድበት ያሰቡትን ነገር፣ የእኛ ቤት በአንድ ከሰዓት ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጨረሰው። 5ቱ «ማ»ዎች፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የደረጃ እድገት አቤቱታዬን ያኔ ሁለተኛው «ማ» ላይ አደረሱት። እስካሁን እዚያው ተቀምጧል።

አለቃችን ለውጥ ለመምራት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ሠልጥነዋል። አበሉ ሊዘገይ ይችላል የሚል አስፈሪ ወሬ ነበረ፤ እሱንም በጽናት ተጋፈጡት። ድፍረታቸው ግን የሚለየው ስብሰባ ላይ ነው። ባለፈው አንድ አዲስ ተቀጣሪ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ሦስቱን ፊርማ አንድ ብናደርገውስ?» አለ። አዳራሹ ጭጭ። እሳቸው ቅንጣት አልደነገጡም። «ግሩም ሐሳብ ነው፤ ከላይ አቅጣጫ ሲቀመጥበት እናየዋለን» ብለው ወደ ሻይ መሩን። ልጁንም በሳምንቱ፣ ለአቅም ግንባታ፣ ንብረት ክፍል መጋዘን መደቡት። አሁን አሮጌ ሰሌዳ ይቆጥራል።

ትናንት አዲሱ ሰሌዳ ሲሰቀል ቆሜ አየሁ። በሩ በብሎን ቀዳዳ ብዛት ወንፊት መስሏል። የጥገናው ሽማግሌ ሁለቱን ብሎን አጥብቀው ሁለቱን ኪሳቸው ከተቱ።

«ምነው ጋሼ፣ አይወድቅም?»

«ለሚቀጥለው ይቆዩ እንጂ ልጄ፤ እዚህ ቤት ብሎን ማስገዛት ቀላል መሰለህ?»