መዋጯችንን መልሱልን

«ወሎዬ ለቅሬ እንጂ ለወሬ አይከፍልም።»

ይህን ያሉት የውይይት ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ባለፈው እሁድ፣ ደሴ ላይ፣ ጠቅላላ ጉባኤው መሃል። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ እጅ ተቆጠረና ውሳኔው አለፈ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ የአባላት መዋጮ ቀርቷል። የአዳራሽ ኪራዩን፣ የማተሚያ ወጪውንና የጸሐፊዋን ደመወዝ አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ባለሀብት ይሸፍኑልናል። የአገር ልጅ ናቸው፣ በጎ ሰው ናቸው ተባለ። አጀንዳው በጥሪው ወረቀት ላይ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ሰፈረ። እኔ እጄን አላወጣሁም። ከኋላዬ የነበሩ ስድስት ሰዎችም አላወጡም።

ሦስት ዓመት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ማን በየትኛው ወር እንደከፈለ፣ ማን ለምን እንዳቆመ አውቃለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስበን ስለ በጀት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ምርጫና ስለ ከተማችን አስተዳደር እንከራከራለን። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ የቆመው በአባላት ሃምሳና መቶ ብር ነው። ገዥውን ፓርቲ የሚደግፈውም የሚቃወመውም እኩል ይከፍላል፣ እኩል ይናገራል። እንዲህ ያለ ቤት በቀላሉ አይገኝም።

ከሰብሳቢው አባባል ልጀምር። ቤት ይመታል። ቤት ስለመታ ግን እውነት አይሆንም። ቅሬን ከወሬ የሚለይ ሰው ቅሬ ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ቀብር ከቅሬ ሥራ አንዱ ነው። ሬሳው ከተሸኘ በኋላ ሰው ዝም ብሎ አይበተንም። ስለ ውኃው ይወራል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ቀበሌው ሊቀመንበር ይወራል። የተጣላ ይታረቃል፤ አልታረቅም ያለ ይመከራል። ነገሩ ከከረረ አበጋር፣ የአገር ሸምጋዩ፣ ይገባበታል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ ተጽፎ፣ አንዱ ለሌላው መቃብር ይቆፍራል። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ ምንድን ነው? ወሎዬ ለወሬ ሲከፍል ነው የኖረው። ወሬው ቁም ነገር ይኑረው እንጂ ይከፍላል።

ሰብሳቢው ቅሬን ሲያነሡ በራሳቸው ላይ ነው የፈረዱት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንኩም መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ። መሸሽ የቻለ ሸሸ። በእኛ ሰፈር የቀረን ነገር ቅሬው ነበር። ሬሳ ያነሣው እሱ ነው። ድንኳኑ ተዘርፎ በሸራ ሥር ሐዘን ተቀመጥን። ሰው ከስደት ሲመለስ ገና ቤቱን ጠርጎ ሳይጨርስ የቅሬውን ደብተር ጠየቀ፤ ውዝፉን ሊከፍል። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ብርድ ልብስ እንኳ ሳይኖረው። ማንም አላስገደደውም።

ይህን ጉልበት ከየት አመጣው? መዋጮው ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይከፍለዋል፤ ሁሉም ስለሚከፍለው የሁሉም ነው። ቀኑ የታወቀ ነው። ሒሳቡ በሰው ፊት ይነበባል። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ለባለሱቁም ለቀን ሠራተኛውም አንድ ነው። ሁለት ሦስት ወር የጠፋ ሰው ቤቱ ድረስ ተሂዶ «ምን ሆንክ?» ይባላል። ታሞ ከሆነ ይጠየቃል፤ አኩርፎ ከሆነ ይሰማል። ጠላ ሸጣ የምታድረው ሴትና ፎቅ የሠራው ነጋዴ ስማቸው አንድ ገጽ ላይ ነው። አሁን ያ ነጋዴ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የሁላችሁንም እኔ እከፍላለሁ» ቢል ቅሬው እሺ የሚል ይመስላችኋል? አይልም። ሽማግሌዎቹ አመስግነው ያስቀምጡታል። የሚከተለውን ያውቁታላ። እሱ የተጣላው ሰው የሞተ ዕለት ማን ያነሣዋል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ሃምሳውንም አንድ ሰው ሲሸከመው የሚመጣውን ግን አንናገርም። ሎሚው የእሱ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ መዋጮ ቆጠራ ነው። ሰው ሲከፍል «አለሁ» ይላል። ሲያቆም «ቅር ብሎኛል» ይላል። ባለፈው ዓመት ሁለት ስብሰባ ሙሉ አንድ ወገን ብቻ ሲናገር ዋለ። በቀጣዩ ወር የከፋዩ ቁጥር ወረደ። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም ደብዳቤ አልጻፈም። ደብተሩ ብቻ ነገረን። ሥራ አስፈፃሚው ደነገጠ፤ የመናገሪያ ሰዓት ተከፋፈለ፤ ሰው ተመለሰ። እንግዲህ ብሩ በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ ሲላክልን አባሉ መከፋቱን በምን እናውቃለን? አዳራሹ ግማሽ ሆኖም ኪራዩ ይከፈላል። አዳራሹ ባዶ ሆኖም ይከፈላል። ቤቱ ሞቶ መብራቱ እንደበራ ይቀራል።

«ባለሀብቱ እኮ ምንም አልጠየቁም» ተባለ። ከተነገረው ሁሉ ደካማው ይህ ነው። አዎ፣ አልጠየቁም። መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፤ ወጪት ሰባሪ። የበላንበትን ወጪት መስበር ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። እኚህ ሰው አንድም ቀን ስልክ ላይደውሉ ይችላሉ። እኛው ነን የምንሸማቀቀው።

ባለፈው ዓመት በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ተወያይተን ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ የደመወዝ ወለል የለም። ከፓርኩ የመጡ ሴቶች ተነሥተው ከቤት ኪራይና ከምግብ በኋላ እጃቸው ላይ ምን እንደሚቀር አንድ በአንድ ዘረዘሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እነዚያ ሴቶች በወር ሃያ ሃያ ብር ይከፍሉ ነበር። እንደዚያ በድፍረት የተናገሩት በራሳቸው ቤት ስለሆኑ ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ እንግዳ ናቸው። እንግዳ የባለቤቱን ፊት እያየ ነው የሚናገረው። ነገ የከተማ ቦታ ምሪት ወይም ግብር አጀንዳ ሆኖ ሲቀርብ አንዱ ቀስ ብሎ «ይህቺ ለጊዜው ትቆይ» ይላል። ትቆያለች። እዚያው ትቀራለች።

አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ደግሞ አይጠየፍን ጠቀሱ። ንጉሥ ሚካኤል በዚያ አዳራሽ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ ሕዝቡን ሲያበሉ ማን መዋጮ ጠየቀ አሉ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይጠየፍ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነበር። የገባው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይወጣል። የንጉሡን ወጪና ገቢ እዚያ ተቀምጦ የሚመረምር ሰው አልነበረም። እኛ የተሰበሰብነው ልንመረምር ነው። ሁለቱ አዳራሾች አይገናኙም።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱም አሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና በባልደረቦቻቸው የተመሠረተ የአባላት ድርጅት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው 10 በመቶ እንዳያልፍ ከለከለ። የጉባኤው የባንክ ሒሳብ ታገደ። ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። አዋጁ ግፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቢሮዎቹ የተዘጉት ከሩቅ በሚመጣ ገንዘብ ስለቆሙ ነው። ድርጅቱ ሳይሞት እንዲቀር አባላቱም አግዘውታል። ይህን ማንም አያስክደኝም።

የመምህራን ማኅበርም ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ ማኅበሩ ለሁለት ሲከፈል ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ መንግሥት ወደደገፈው ወገን ዞረ። ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት የሚመሩት ወገን አባል ነበረው፤ የአባሉ ብር ግን በሌላ እጅ ገባ። መዋጯችን በየመሥሪያ ቤቱ ከደመወዝ ይቆረጥ ሲባል እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ሰው ዘግቶ የሚከፍተው ቧንቧ ላይ አንገታችንን ማስገባት የለብንም። ከእጅ ወደ እጅ፣ በደረሰኝ ይሁን።

ትልቅ ገንዘብ አስተማማኝ ነው የሚለኝ ሰው ደግሞ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ዋሽንግተን ላይ አንድ ትዕዛዝ ተፈረመ፤ በአሜሪካ ዕርዳታ ይሠሩ የነበሩ ፕሮጀክቶች እዚህ አገራችን ቀጥ አሉ። የዓለም ሀብታሙ መንግሥት በአንድ ፊርማ ሐሳቡን ከቀየረ የአንድ ነጋዴ ሐሳብ የማይቀየረው ለምንድን ነው? ንግድ ይከስራል። ሰው ያኮርፋል። ወራሾች ይመጣሉ።

ኑሮ መወደዱን አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ የወረቀቱም የቀለሙም ዋጋ ሌላ ሆነ። የአዳራሹ ባለቤትም ጨመሩብን። ሃምሳ ብር የድሮው ሃምሳ ብር አይደለም። እሺ፣ ይህን ልቀበል።

ግን የከፋዩን ቁጥር ያወረደው ድህነት ነው የተባለው ውሸት ነው። ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያቆሙት ድሆቹ አይደሉም። ሰውን የሚያስቀረው ውዝፍ ነው። አንድ ወር ይረሳል። ሁለት ይሆናል። በሦስተኛው ገንዘብ ያዡን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ፒያሳ ላይ እኔን አይተው ወደ ማዶ የተሻገሩ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ዕዳቸው መቶ ሃምሳ ብር። አፍረው ነው። በዚያው ከስብሰባም ቀሩ። የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ላይ «ያለፈው ተሰርዟል፣ ከዛሬ ጀምሩ» ብለን ለሁሉም ነገርን። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተመለሰ። አንዷ እህታችን ስታለቅስ አይቻለሁ። እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የመለሳቸው የማንም ሀብታም ቼክ አይደለም። ሄደን ስለጠየቅናቸው መጡ።

ሥራው ይህ ነው፤ አድካሚ ነው፤ ይሠራል። የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ በወጣ ማግስት እንጠይቀው። በወሩ አጋማሽ ኪሱ ባዶ ሆኖ ለምን እናሳፍረዋለን? ነጋዴውን ከሰኞ ገበያ በኋላ እንየው። ተማሪ አምስት ብር ይክፈል፤ ግን ይክፈል። ጅዳና ቤሩት ያሉ እህቶቻችን በቤተሰባቸው ቴሌብር በኩል መክፈል ይፈልጋሉ፤ ሁለት ጊዜ ጠይቀውን ቁጥር የሰጣቸው የለም! ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ። የሦስት ወር ኪራይ ሳይነካ ይቀመጥ። ባለሀብቱም ከልባቸው ከወደዱን እንደ ማንኛችንም መቶ ብራቸውን ከፍለው ስማቸው ይጻፍ፤ መጥተውም ይከራከሩ። ከዚያ በላይ መስጠት ካማራቸው መጽሐፍ ይግዙልን። ኪራዩንና የጸሐፊዋን ደመወዝ ግን አይንኩ። ቤቱን የሚያቆሙት እነዚያ ሁለቱ ናቸው፤ የሚከፍላቸውም ባለቤቱ፣ አባሉ ነው መሆን ያለበት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ መቶ ብር አስቀምጣለሁ። ደረሰኝ እንዲቆረጥልኝ እጠይቃለሁ። አንቀበልም ከተባልኩ ምክንያቱ ተጽፎ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፤ በዚያውም «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ይታረም። ስድስቱም ሰዎች እንዲሁ እንደሚያደርጉ ነግረውኛል። ከሸዋ በር የሚመጡት ልብስ ሰፊ አባላችን ደግሞ የዓመቱን አንድ ላይ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።