የመጀመሪያው ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» አይደለም

ወንድሜ፣ አስተያየትህን ወድጄዋለሁ። «የመከራ ሕይወትን በአማርኛ መተረክ የጀመሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ ከፍቅር እስከ መቃብር በፊት ልብ ወለድ አልነበረም» ያልከው ግን ትክክል አይደለም። እዚህ ባሕር ዳር ስለ መጽሐፍ ወሬ ከተነሳ ይህ ነገር ሳይባል አይቀርም። የሚገርመው ቀዳሚው ደራሲ የጣና ዳር ሰው መሆናቸው ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ዘጌ ነው። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን፣ ሮም ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ፍቅር እስከ መቃብር የወጣው በ1958። (በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር ስለወገኑ ስማቸውን ማንሳት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ያ ሌላ ክስ ነው።) መከራውም ከመነሻው አለ፦ የጦር አለቃው ይማረካል፣ ልጁ ዋሕድ ለባርነት ይሸጣል፣ መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች።

ልዩነቱ አጨራረሱ ላይ ነው። አፈወርቅ የበተኑትን ሁሉ ሰብስበው በሠርግ ይዘጋሉ፤ ለእኔ ጥድፊያ ይበዛበታል። ሐዲስ ግን አይምሩም። ሰብለ ወንጌል ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ በዛብህን የምታገኘው ሞት አፋፍ ላይ ነው። እንዲህ ጨክኖ መጨረስ የሐዲስ ነው ብትል ኖሮ አልከራከርህም ነበር።

ጦቢያን ካላነበብካት ፈልጋት፤ አጭር ናት፣ አማርኛዋ ግን ጠጠር ይላል።