ለክቡር የ2 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንዲገኙልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ባሉበት» ያልኩት የት እንዳሉ ስለማላውቅ ነው። ባሕር ዳርን ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ በእግሬ ፈልጌዎታለሁ። ባጃጅ ልምድ አይጠይቅም፤ ሒሳብ ግን ይጠይቃል። እኔ የተማርኩት ሒሳብ ደግሞ ለእሱ አይሆንም። ከጣና 37 ደሴቶች በአንዱ መንነው ይሆን ብዬም ጠርጥሬያለሁ።

የተመረቅኩት በአካውንቲንግና ፋይናንስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እንደተመረቀ ሰው ሁሉ የመውጫ ፈተናውንም ወስጄ አልፌያለሁ። ከየት እንደሚያስወጣ ገብቶኛል። ወዴት እንደሚያስገባ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማስታወቂያ አየሁ። የሥራ መደቡ «ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ» ይላል። ጀማሪ! ደስ ብሎኝ ዝቅ ስል እርስዎ ቁጭ ብለዋል፦ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ»። ኧረ እንዴት ነው ነገሩ? 2 ዓመት የሠራ ሰው ጀማሪ ከተባለ እኔ ምን ልባል፣ ያልተወለደ?

ደግሞስ ልምድ የለኝም ያለው ማን ነው? አክስቴ ጣና ዳር ዓሣ ትጠብሳለች። በየክረምቱ የዱቤ ደብተሯን የምይዘው እኔ ነኝ። «ነገ እሰጣለሁ» ያሉት አንድ ገጽ ላይ፣ «ደመወዝ ሲወጣ» ያሉት ሌላ ገጽ ላይ፣ አክስቴን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩት መጨረሻው ገጽ ላይ። ይኼ በመጽሐፍ አጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይባላል። አክስቴ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ማታ ማታ የሳጥኑን ብር ከደብተሩ ጋር አመሳክራለሁ። አንድ ቀን 40 ብር ጎድሎ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስንፈልግ አመሸን። ለካስ ሎሚ ገዝታበት ኖሯል። ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ብር በመጽሐፍ ፔቲ ካሽ ይባላል። «አክስቴ፣ ይኼ እኮ ፔቲ ካሽ ነው» ብላት፣ «ሎሚ ነው አልኩህ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ይህን ሁሉ ለመዝጋቢዋ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ግብር ተከፍሎበታል?» አለችኝ። የግል ሥራ ልምድ ግብር ካልተከፈለበት አይያዝም አሉ። ደመወዜ እኮ በቀን አንድ የተጠበሰ ዓሣ ነበር! ግብሩ ከየት በኩል ይቆረጣል? 7 በመቶው የጡረታ መዋጮዬ ጭራው ይሁን እሺ። አሠሪ የሚያዋጣውን 11 በመቶ አክስቴ ከየትኛው ዓሣ ታምጣው?

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሁለቱም ዓመት ቢቀር ስድስት ወርዎን ቢልኩልኝ። ካልተመቸዎ እርስዎ ራስዎ መጀመሪያ የት እንደተቀጠሩ ይንገሩኝና እዚያ ላመልክት።

ከሰላምታ ጋር
ዜሮ ዓመት

ግልባጭ፦
ለአክስቴ (ማኅተም እንድታስቀርጽ)
ለኮፒ ቤቷ እህታችን (የእኔን ዲግሪ ኮፒ ስታደርግ 2 ዓመት ሊሞላት ነው)