ይጣራ! ከተጣራም ይጠርጠር

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ፤ እሱም እኛው ነን። ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር በዘንባባ ጥላ ሥር ጀበና ከብበን የምንውል፣ ሰው አንዴ ከጠረጠርን እስከ ተስካሩ የማንለቅ ጽኑዓን። ሌላው ዓለም ማስረጃ ባየ ቁጥር ሐሳቡን ሲቀያይር እኛ ንቅንቅ ብለን አናውቅም። አያቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው አስተማሩን። ጥርጣሬ የሚቆመው መቼ እንደሆነ ግን ሳይነግሩን ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ እኛም ይኸው አላቆምንም።

ለዚህ ጽናታችን ከክሪስ ፍሩም የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ናይሮቢ የተወለደው፣ ለእንግሊዝ ሲወዳደር የኖረው፣ ቱር ደ ፍራንስን አራት ጊዜ ያሸነፈው ብስክሌተኛ ማለቴ ነው። ጳጉሜ 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እኛ ገበያ ወርደን የእንቁጣጣሽ ዶሮ በእጃችን አንጠልጥለን ክብደቷን ስንገምት፣ እሱ ቩኤልታ የሚባለውን የስፔን ታላቅ የብስክሌት ውድድር 18ኛ ቀን ጨርሶ ሽንቱን ለምርመራ ሰጠ። ሳልቡታሞል፣ ያ አስም ያለበት ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞረው፣ አፍ ላይ ደግኖ የሚስበው መድኃኒት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 2,000 ናኖግራም ሆኖ ተገኘ። ወሰኑ 1,000 ነው። ሰውየው አስም አለበት፤ መድኃኒቱንም በ24 ሰዓት እስከ 1,600 ማይክሮግራም ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ መሳብ ይቻላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ግን ለደካሞች ነው። ወሬው በታኅሣሥ 2010 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እኛ የያዝነው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እጥፍ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክባችን የናኖግራም ሊቃውንት ጉባኤ ሆነ። ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። የሽሮ ሚዛን ሃምሳ ግራም ቢሰርቀን የማይታወቀን ሰዎች ስለ ቢሊዮንኛው ስኒ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተከራከርን። ላቦራቶሪውን ያላመሰገነ አልነበረም። «ሳይንስ አይዋሽም» ተባለ። የክባችን ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡት ጋሼ፣ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ሁሉ አወለቁ።

ሰኔ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ላይ ግን ያው ሳይንስ ዋሸ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲን ምክር ተቀብሎ ጉዳዩን ዘጋው፤ ጥፋት የለም ተባለ። ምክንያቱ አሰልቺ ስለሆነ ማንም እስከ መጨረሻው አልሰማውም። እኔ በቡና ላስረዳ። ከአንዱ ጀበና አቦሉ ወፍራም፣ በረካው ቀጭን ነው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ፔዳል ሲመታ የዋለ ሰው ደግሞ ውኃው ያልቅና ሽንቱ አቦል ይሆናል። ውፍረቱ ሲታሰብ 2,000 የተባለው ወደ 1,429 ወረደ። በዚያ ላይ ያንኑ መጠን የሳበ ያው ሰው ዛሬና ነገ የሚያሳየው ቁጥር አንድ አይሆንም።

«1,429ም ቢሆን ከ1,000 ይበልጣል» አለ ከመሃላችን አንዱ፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ። እውነት ለመናገር ይህ ደህና ክርክር ነበር፤ መልስ ይፈልግ ነበር። ወዲያው ዝም አስባልነው። ክርክር ካነሣን መልስ ይመጣል፤ መልስ ከመጣ ደግሞ የማመን አደጋ አለ። ጋሼ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ለዚህ ሁሉ የሚበቃውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «በስንት ነው የዘጉለት?»

አደንቃችኋለሁ። ላቦራቶሪው ሲከስ ሊቅ፣ ሲፈታ ሌባ። ሰው ሲጠረጠር ምርመራው ገና ሳያልቅ ያለቀለት ነው፤ ሲፈታ ደግሞ ምርመራው አልቆም አላለቀም። በዚህ ዓይነት ሥርዓት መሳሳት አይቻልም።

ፈረንሳዮችም ለወጉ ያህል ሞክረዋል። በዚያው ዓመት ቱር ደ ፍራንስ ሊጀመር ሲል ፍሩም መድረክ ላይ ወጥቶ ሲተዋወቅ በፉጨትና በጩኸት ተቀበሉት። ሐምሌ 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ አልፕ ዱዌዝ ተራራ ላይ አንድ ተመልካች እጁን ዘርግቶ መታው። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሽንት በኩባያ ይዞ ደፍቶበታል። (የሽንት ምርመራ ለሕዝብ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል።) ግን እነሱ ለመፍረድ ቦታው አይመቻቸውም። አልፕ ዱዌዝ ላይ 21 ጠመዝማዛ ታልፎ፣ ሳምባ ሊፈነዳ ሲል የሚደረስበት ጫፍ 1,850 ሜትር ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ እግራችንን አጣጥፈን ቁጭ ብለናል። እነሱ እያለከለኩ የሚወጡት እኛ ተቀምጠን ቆሎ የምንቆረጥምበት ነው። ታዲያ ፍርዱ ለማን ይገባል?

ልምዱስ ቢሆን ከማን አንሰን። የአበረታች ቅመም ነገር ሲነሣ ፈረንጅ ዕፁን የሚፈልገው ከተጠርጣሪው ሆድ ውስጥ ነው። የእኛ ሰው ግን በሌባ ሻይ ዘመን ዕፁን የሚያጠጣው መርማሪውን ነበር። አንድ ልጅ ይመጣል፣ ዕፅ የተቀላቀለበት ይጠጣል፣ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ሥርዓቱ ቀረ ይላሉ፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ላይ ክባችን ውስጥ አየዋለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን የሚባለው ነገር በውድድር ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 5 ማይክሮግራም ካለፈ የተከለከለ ነው። የባሕር ዳርን ጫት ጉንጩ ላይ ወጥሮ «ፍሩም ንጹሕ አይደለም» የሚለው ወንድማችን ሽንቱን ቢሰጥ የሚሆነውን አስቡት። የቡናው ካፌይን ራሱ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ከወሰን ሲያልፍ ያስቀጣ ነበር። በረካውን ሳይጠጣ የማይነሣው ክባችን በዚያ ዘመን ቢመረመር ዕድሜ ልኩን ይታገድ ነበር። ደግነቱ እኛ አንወዳደርም። የምንፈርድ ብቻ ነን።

«እነ አርምስትሮንግስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፣ ስንት ጊዜ ተመርምሮ አለፈ፤ በ2012 ግን ሰባቱም ተነጠቀ። ጠርጣሪ አንዴ ልክ ከሆነ ለሰባት ትውልድ ይበቃዋል። የማይመቸን የኮቦ ታሪክ ነው። ኹዋን ኾሴ ኮቦ በ2011 እ.ኤ.አ. ቩኤልታን ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው ፍሩም ነበር፤ ልዩነቱ 13 ሰከንድ። በ2019 ኮቦ በአበረታች ቅመም ጥፋተኛ ተባለና ዋንጫው ለፍሩም ተሰጠ። ይህን ለክባችን ሳወራ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «አያችሁ? ጉዳዩ ባለበት ሁሉ ፍሩም አለ!»

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ግን ለፈረንጅ ነው እንጂ ለአገር ልጅ አይደለም። ነሐሴ 2008 ሪዮ ላይ አልማዝ አያና 10,000 ሜትሩን በ29:17.45 ስትጨርስ፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተነካውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ቆርጣ ስትጥለው፣ ከውጭ ማጉረምረም ተሰማ። እሷም ዶፒንጌ ልምምዴና ኢየሱስ ነው ብላ መለሰችላቸው። ያን ቀን እኛን ማየት ነበር! «ማስረጃ አምጡ!» «ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው!» የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 በቃሉ የሚያውቅ ሰው መሃላችን እንዳለ ያወቅነው ያን ዕለት ነው። በሳምንቱ ረሳው መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላነሣውም።

ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ፍሩም ክባችን ውስጥ ዛሬም አልተፈታም። ባለፈው ሳምንት የሳይክሌ የኋላ ጎማ ተንፍሶብኝ ከሽምብጥ ድረስ እየገፋሁ ወደ ጠጋኛችን ሄድኩ። ልጁ እጁ የተባረከ ነው። የውስጥ ጎማውን መዘዘ፣ ነፋው፣ አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውኃ ውስጥ ደፈቀው። በሁለት እጁ ጨመቅ እያደረገ ቀስ ብሎ አዞረው። ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ አረፋ ብቅ አለች፤ ቆየት ብላ ሌላ። በጣቱ ያዛት፣ ጠረጋት፣ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ላስቲክ ለጠፈ። እንደገና ነከረው፣ አዞረው። ውኃው ዝም።

«አለቀ ጋሼ። አረፋ ከሌለ ቀዳዳ የለም።»

«ፍሩምስ?» አልኩት ለነገር ያህል።

«እሱማ ቀዳዳ አለው።»

«ነክረው አይተውት የለ? አረፋ አልወጣም እኮ።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዘነልኝ። «የእነሱ ውኃ ሌላ ነው ጋሼ።» ከዚያ የላይኛውን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ይኼ ግን ተልጧል፤ ካልቀየርከው ነገም ትመለሳለህ» አለኝ።

ስለ ዕድራችን ሳላነሣ ይህን ውዳሴ ብጨርስ ነውር ነው። ገንዘብ ያዣችን አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው ነበር። አምና ቤቱን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሰ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ከሩቅ ያበራ ነበር፤ የእኛም ዓይን ወዲያው በራ። «ይጣራ!» ተባለ። ሦስት ሰው ተመረጠ፣ ደረሰኝ ከደረሰኝ፣ መዝገብ ከባንክ ደብተር ሲያመሳክር ሁለት እሑድ ዋለ። ድንኳኑ ተዘርግቶ ተቆጠረ፣ ድስትና ሳህኑ ሳይቀር ተቆጠረ። በሦስተኛው እሑድ ሪፖርት ቀረበ፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው «እሰይ» አላለም። ከኋላ ወንበር አንዲት እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ሳንቲም እንኳ ሳትጎድል? በሰው እጅ?» አሉ። ጉባኤው በአንድነት አጉረመረመ። እውነትም! ሃያ ብር ብትጎድል ሰው ነው ይሳሳታል ይባል ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ልክክ ብሎ የሚገጥመው የተለማመደ ሰው ሲሆን ነው። አጣሪዎቹም ሪፖርቱን አንብበው ሳይቀመጡ ተጠረጠሩ፤ አንደኛው የገንዘብ ያዡ የክርስትና አባት ዘመድ መሆኑ ለካ ይታወቅ ነበር። ሰውየው መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ቁልፉን በላዩ አስቀመጠ፣ ወጣ። «ንጹሕ ቢሆን መች ይለቅ ነበር» ተባለ። የጋሼ ድምፅ ይመስለኛል። የኔም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዥ የሚሆን ጠፋ። ስም ሲጠራ አንዱ ስኳሩን፣ ሌላው ግፊቱን፣ ሌላው ሚስቱን ምክንያት አደረገ። ባለፈው እሑድ ለሽንት ወጣ ብዬ ስመለስ ጭብጨባ ሰማሁ፤ ለካ እኔን መርጠውኛል።

ሰኞ ደመወዝ ወጣ። የጠጋኙን ምክር ሰምቼ አዲስ ጎማ ገዛሁና አስገጠምኩ፤ ጥቁር፣ ገና ጠጉሩ ያልረገፈ። ማክሰኞ ጠዋት በዘንባባዎቹ መሃል እያንሸራሸርኩት ወደ ቡናችን መጣሁ። ከሩቅ ሲስቁ ነበር። ስደርስ ዝም አሉ። ቡና የምታፈላው ልጅ እንኳ ጀበናውን ይዛ ቀና አለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ከእኔ ፊት ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ እኔ ፊት አዩ።

«በስንት ገዛኸው?» አሉኝ።